«የሥራ ዕድል ተፈጠረላቸው» ሲባል
(መካነ ሰላም፣ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በየሪፖርቱ የማይቀር አንድ አባባል አለ፦ «ለዚህን ያህል ሴቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረላቸው»። የዘንድሮውን ሪፖርት ከማጽደቃችን በፊት ስለዚህ አባባል ጥቂት እንናገር።

በአገራችን አነጋገር ሥራ ይያዛል፣ ሥራ ይፈታል። መፍጠር ግን የፈጣሪ ነው፤ እናቶቻችን «ሥራ ፈጠርሁ» ሲሉ አልሰማንም። አባባሉ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ነው። በ1990 ዓ.ም. መንግሥት የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ «ተደራጁ»፣ «ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚለው ቃል እስከ ቀበሌ ወረደ። በ2011 ዓ.ም. የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መጣ።

ልብ በሉ፤ አባባሉ ተፈጠረ የሚለው ዕድሉን እንጂ ሥራውን አይደለም። ልክ ነው። ሥራውማ መቼ ጠፍቶ! በቦረናም በለጋምቦም ደጋ ሸማኔው ባና የሚሠራበትን የበግ ፀጉር የምንፈትለው እኛ፤ ኩበት የምንጠፈጥፈው እኛ፤ ውሃ የምንቀዳው እኛ። የጎደለን መነሻ ገንዘብና ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ጄኔቭ ላይ የተሰበሰቡ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ይህንኑ ለይተውታል፦ ለቤት ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ሥራ ነው፤ የሥራ ስምሪት የሚባለው ግን ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠራው ነው። ውሃ ስትቀዳ የዋለችን ሴት «ሥራ ፈት» ብሎ የሚመዘግብ ካለ ይህን ይስማልን።

እኛን የምትከብደን «ተፈጠረላቸው» ላይ ያለችው «ላቸው» ናት። ሃያ ዓመት የፈተለች እህታችን ብድር ስለወሰደች ብቻ ሥራ ትናንት የጀመረች ትመስላለች። ሁለት ገበያ ሸጣ ያቆመችውም፣ ዓመቱን ሙሉ የዘለቀችውም እኩል አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። ደጋፊዎቻችን ገንዘባቸው የትኛዋን እንዳቆመ ከዚህ ቁጥር አያገኙትም።

ስለዚህ ሪፖርቱ አባሏ ቀድሞ ምን ትሠራ እንደነበር፣ ብድሩ በገቢዋ ላይ ምን እንደጨመረ፣ ከዓመት በኋላም በሥራው ላይ መኖሯን ይጻፍልን እንላለን። ቁጥሩ ያንስ ይሆናል፤ ይነስ። ወረዳው ድምሩን ብቻ ከጠየቀ ድምሩን እንሰጣለን። ረቂቅ ቅጹ ጸሐፊያችን ዘንድ አለ፤ ከምሳ በኋላ አይታችሁት ድምፅ ስጡበት።