ለጭነት መኪና ወይስ ለድስታችን? የጓሮ ቲማቲም ዝርያ ስለ መምረጥ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንወስነው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ የቲማቲም ዘር ግዢ ነው። ገንዘቡ ግን በየሳምንቱ ከጉሮሯችን ቀንሰን ካስቀመጥነው ቁጠባ የሚወጣ ነው። የቀረበው ሐሳብ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ዲቃላ ዘር፣ ማለትም ነጋዴዎች ሃይብሪድ የሚሉት፣ ይገዛ የሚል ነው። ምክንያቱ ምርቱ ከሌሎቹ ይበልጣል ስለሚባል ነው። እኔ የምደግፈው ሌላ መንገድ ነው። ምክንያቴን ላስረዳ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

መጀመሪያ ጉልት ላይ የምናየው ቲማቲም ለምን እንደዚያ እንደሆነ እንይ። ብዙው ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ በሣጥን ተጭኖ የሚመጣ ነው። ሣጥን በሣጥን ላይ ተደርቦ፣ በመንገድ ተንገጫግጮ፣ ወርዶ፣ እንደገና ተጭኖ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ስለዚህ ነጋዴው ቆዳው ወፍራም፣ ሥጋው ጠንካራ፣ ሳይበስል የሚለቀም ቲማቲም ይፈልጋል። አይፈረድበትም፤ ቢፈርጥበት የሚከስረው እሱ ነው። የእኛ ቲማቲም ግን ከጓሮ እስከ ድስት የሚሄደው ሃያ እርምጃ ነው። ጎረቤት ብንሸጥለትም አጥር ከመሻገር አያልፍም። ታዲያ ለመኪና የተመረጠውን ዝርያ እኛ ለምን እንመርጣለን?

ሁለተኛው ጉዳይ ጣዕም ነው። የቲማቲም ጣዕም ከሦስት ነገር ይመጣል፤ ከስኳሩ፣ ከኮምጣጣነቱና ከሽታው። ስኳሩን በአብዛኛው የሚሠራው ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ትንሽ፣ ፍሬው ብዙና ትልልቅ ሲሆን ስኳሩ ለሁሉም ይከፋፈላል። ማዕዱ ያው ሆኖ እንግዳው ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጉርሻ እንደሚያንሰው ማለት ነው። በኪሎ አንደኛ የሚወጣ ዝርያ በጣዕም አንደኛ ሆኖ ብዙ ጊዜ የማይገኘው ለዚህ ነው። ትንንሾቹ ቼሪ ቲማቲሞች የሚጣፍጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆች ከተክሉ ላይ እየቀነጠቡ ይጨርሷቸዋል።

በመልክም አትታለሉ። አንዳንዱ ቲማቲም ገና እንጭጭ ሳለ ከላይ በኩል፣ ትከሻው ላይ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ አለው። ገበያ ይህን አይወድም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀለም ይፈልጋል። ስለዚህ አዳቃዮች ለብዙ አሥርት ዓመታት ያንን ጥቁር ትከሻ ሲያስወግዱ ኖሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት ግን ያንን ትከሻ የሚያጠፋው ለውጥ ፍሬው ራሱ የሚሠራውን ስኳር ጭምር እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጓሯችሁ ውስጥ ትከሻው የጠቆረ እንጭጭ ካያችሁ ታማሚ ነው ብላችሁ አትንቀሉት።

ሦስተኛው ምርታማነት የምንለው ነገር ነው። የቲማቲም ተክል በአበቃቀሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አጭር ሆኖ የሚቆምና ፍሬውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከታትሎ የሚያደርስ ነው። ሌላው እየረዘመ፣ እያበበና እያፈራ ለወራት የሚቆይ ነው። ይኸኛው ጠንካራ የድጋፍ እንጨትና በየጊዜው ማሰር ይፈልጋል። ለድልህ ወይም ለሽያጭ ከሆነ አንድ ላይ የሚደርሰው ይሻላል። ለቤት ግን አርባ ኪሎ በአንድ ወር ደርሶ ግማሹ ከሚበሰብስ፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ኪሎ ለወራት ቢገኝ ይመረጣል። ስለዚህ ምርቱን በኪሎ ብቻ አትቁጠሩት፤ ስንት ሳምንት ቲማቲም ከመግዛት እንደሚያሳርፋችሁም ቁጠሩ።

በኪራይ ቤት የምትኖሩ እህቶችን አልረሳሁም። መሬት የላችሁም፤ ጆንያና ባልዲ አላችሁ። ለእናንተ አጭሩ ዓይነት ነው የሚመቸው፤ ቤት ብትለቁም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

አሁን ወደ ዝርያዎቹ ልምጣ። ሮማ ቪኤፍ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ሥጋው ወፍራም፣ ውሃውና ፍሬው ጥቂት ስለሆነ ለወጥና ለድልህ ይሆናል። ስሙ ላይ ያሉት ቪ እና ኤፍ ከአፈር የሚነሡ ሁለት የማጠውለግ በሽታዎችን እንደሚቋቋም ያመለክታሉ። ማርግሎብ ክብ፣ ውሃ ያለው ነው፤ ለሰላጣና ለቲማቲም ፍትፍት ተስማሚ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ1925 ያወጣው ሲሆን እስከ ዛሬ ይዘራል። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት ውስጥ መልካ ሾላ ለጥሬም ለድልህም ይሆናል፤ መልካ ሳልሳ ፍሬው ትንሽ ሆኖ ለድልህ የተመረጠ ነው፤ ቢሾላ ትልልቅ ፍሬ ያለው፣ በጥሬው የሚበላ ነው፤ ፈጣን ደግሞ ስሙ እንደሚለው ቶሎ ይደርሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መልካሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት ቦታ ነው። የአዲስ አበባ አብዛኛው ሰፈር ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የተመዘገበው የመድረሻ ቀን እዚህ ይረዝማል። የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚያብብ ቲማቲም የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ቅጠል የሚያቃጥለውን በሽታ ያመጣል። ስለዚህ በጥር ችግኝ አፍልተን፣ በየካቲት መጨረሻ ተክለን፣ ክረምቱ ሳይጠነክር የምንለቅመው ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ለደጋ ይሻላል።

ወደ ዲቃላው ልመለስ። ዲቃላ ዘር መጥፎ ነው አልልም። በጣም ያፈራል፤ አንዳንዱም በሽታን በደንብ ይቋቋማል። ሰፊ ቦታ፣ በቂ ውሃና ማዳበሪያ ያላት፣ ለሽያጭ የምታመርት አባል ብትገዛው ያዋጣታል። ችግሩ ከፍሬው የወጣውን ዘር መልሰን ስንዘራ ነው፤ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። አንዱ ያፈራል፣ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ በየዓመቱ እንደገና መግዛት ግድ ይሆናል። ከላይ የጠራኋቸው ዝርያዎች ግን ዲቃላ አይደሉም። ቲማቲም በአብዛኛው በራሱ አበባ ስለሚራባ ዘሩ እናቱን መስሎ ይወጣል።

ዘር ማስቀረት ቀላል ነው። ፍሬ ሳይሆን ተክል ምረጡ፤ ጤነኛ፣ ብዙ ያፈራና የሚጣፍጥ ተክል። ከአንድ ብቻ ሳይሆን ከአራት ከአምስት ተክል በደንብ የበሰለውን ውሰዱ። ዘሩን ከነውሃው በብርጭቆ ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጡት፤ ሲቦካ የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ይለቃል። ከዚያ አጥባችሁ፣ በጥላ አድርቃችሁ፣ የዝርያውን ስምና ዓመቱን ጽፋችሁ በወረቀት ጠቅልሉት። በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ግራም የቲማቲም ዘር 300 ያህል ፍሬ አለው። 10 ግራም ማለት 3,000 ፍሬ ነው። ከአምስቱ አንዱ ሳይበቅል ቢቀር እንኳ 2,400 ችግኝ ይገኛል። ለእያንዳንዳችን 20 ችግኝ ቢደርሰን ለ120 ሴቶች ይበቃል። አንድ ጊዜ ገዝተን ዘሩን ከጠበቅነው በሚቀጥለው ዓመት ያ ገንዘብ ለሌላ አባል ብድር ይሆናል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ዘራቸው የሚቀመጥ ሁለት ዝርያዎች እንግዛ፤ አንድ ለወጥ፣ አንድ ለጥሬ። ቶሎ የሚደርሱትንም እናስቀድም። ለሽያጭ የሚያመርቱ አባላት ዲቃላውን በብድር ይውሰዱ። አምስት አባላት ሁለቱንም ዝርያ ጎን ለጎን ተክለው የለቀሙትን በኪሎና በሳምንት ይመዝግቡ። ግንቦት ላይ ሁላችንም ተሰብስበን፣ ስሙን ሳናይ በጨው ቀምሰን እንምረጥ። ምላሳችን የመሰከረለትን ዘር ማኅበሩ ያስቀምጥ።

ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንጠይቀው በየዓመቱ የዘር ፓኬት አይደለም፤ አንድ ሚዛን፣ የመዝገብ ደብተርና ዘር ማስቀመጫ ማሰሮ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ እኛ እንችለዋለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

አሁን እጅ እንድታወጡ እጠይቃለሁ።