ጋብቻ፣ ዕውቅናና እኩልነት በወላይታ



ሁለት ሰዎች አብረው ለመኖር ሲወስኑ ጉዳዩ የእነርሱና የቤተ ዘመዶቻቸው ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ወይም ሁለቱ ሲለያዩ፣ በአንድ ጣራ ሥር የተፈራው ሀብት የማን ነው፣ የሟች ጡረታ ለማን ይከፈላል፣ ልጁን ማን ያሳድጋል የሚለው ጥያቄ መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ዋናው ነገር ጥንዶቹ መዋደዳቸው ሳይሆን ሕግ የሚያውቃቸው መሆን አለመሆኑ ነው። ይህ ንግግር ከወላይታ ኑሮ በመነሣት ዕውቅናው ለማን እንደ ተሰጠና ለማን እንደ ተነፈገ ይመረምራል።

በወላይታ ሕዝብ ዘንድ ጋብቻ በጎሳ ሥርዓት ይመራል። ማላና ዶጋላ በሚባሉት ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ሥር ብዙ ጎሳዎች ይገኛሉ፤ የአንድ ጎሳ ልጆችም እንደ ወንድምና እኅት ስለሚቆጠሩ እርስ በርሳቸው አይጋቡም። ይህ የዝምድናን ድንበር የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። ከዚህ የተለየውና የከበደው በሙያ ላይ የቆመው ክልከላ ነው። ጭናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ እንዲሁም ቆዳ ፋቂዎችና ብረት ቀጥቃጮች፣ ከገበሬው ጋር አንድ ቋንቋ እየተናገሩና በአንድ ገበያ እየተገናኙ ኖረዋል፤ ከገበሬው ጋር መጋባት ግን በልማድ ተከልክለዋል። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ ከቀጥቃጩ እጅ የወጣ ነው፤ ወጥ የሚሠራበት ድስት፣ ውኃ የሚቀዳበት እንስራ የሸክላ ሠሪዋ ሥራ ነው። ሥራቸው ከቤት ሲገባ ልጃቸው ሙሽራ ሆና እንዳትገባ መከልከሉ በሙያው የሚኖርን ሰው ሁሉ ሊያሳስብ ይገባል። ነውሩ የወላይታ ብቻም አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ ዐዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ በአገሪቱ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 34 ደግሞ ለጋብቻ ዕድሜ የደረሱ ወንዶችና ሴቶች በዘር፣ በብሔር፣ በብሔረሰብ ወይም በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የመጋባት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ፣ ወላይታ ትገኝበት የነበረው የደቡብ ክልል በ1996 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ ሙያን ወይም የትውልድ ደረጃን የጋብቻ መከልከያ አላደረጉም። ጋብቻ የሚፈጸምበት መንገድም ሦስት ነው፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል።

የሦስቱ መንገዶች ጥቅም የሚታወቀው አንዱ ሲዘጋ ነው። የገበሬ ልጅ የሸክላ ሠሪ ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልላክ ቢል፣ ሽማግሌዎቹ አንሄድም፣ ወላጆቹም አንቀበልም ሊሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ የባህሉ መንገድ ይዘጋል። ሁለቱ ተፈቃቅደው በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቢቀርቡ ግን፣ ሹሙ የአባታችሁ ሙያ ምንድን ነው ብሎ ሊመልሳቸው ሥልጣን የለውም። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ መሠረት የሚሰጣቸው የምስክር ወረቀትም ከማንኛውም ሰው የምስክር ወረቀት ጋር እኩል ነው። እርግጥ ነው፣ ወረቀቱ አማትን አያስታርቅም፤ በጊፋታ በዓልም ከዘመድ ማዕድ አያስቀምጥም። ይሁን እንጂ ባል ቢሞትና ዘመዶቹ ተነሥተው ይህች ጭናሻ ናት፣ ሚስት አትባልም ቢሉ፣ ዳኛው የሚመለከተው ወረቀቱን እንጂ የትውልድ ሐረጓን አይደለም።

ሕጉ ሥርዓት ያልፈጸሙትንም ጨርሶ አልጣላቸውም። ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ ወንድና ሴት፣ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት አብሮ መኖራቸው ከሦስት ዓመት ካላነሰ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራቸው ይሆናል። ሕግ አውጪው እዚህ ላይ የተመለከተው የሠርጉን ድግስ ሳይሆን እውነተኛውን ኑሮ ነው።

ከእነዚህ መንገዶች አንዱም የማይከፈትላቸው ሰዎች ደግሞ አሉ፤ እነርሱም ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች ናቸው። የቤተሰብ ሕጉ የሚያውቀው በወንድና በሴት መካከል የሚደረገውን ጥምረት ብቻ ነው። የወንጀል ሕጉ ከዚያ አልፎ ይቀጣል፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱ በእስራት እንዲያስቀጣ ደንግገዋል። በ2001 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች መሪዎች ክልከላው በሕገ መንግሥቱ ጭምር እንዲጻፍ ጠይቀዋል። ስለዚህ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ባህል ሲገፋት ሕግ ይቀበላታል፤ እነዚህን ግን ባህልም ሕግም በአንድነት ይገፏቸዋል። አንዱ ቢሞት የቀረው በለቅሶው ላይ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ይቆማል እንጂ የጡረታም ሆነ የጋራ ሀብት ጥያቄ እንደ ጥንድ ሊያነሣ አይችልም። ቢዘረፉ ወይም ቢደበደቡ እንኳ፣ አቤቱታ ማቅረብ ራስን ለክስ ማጋለጥ ይሆንባቸዋል።

በሌላው ዓለም ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 የእነዚህን ጥንዶች ጋብቻ በማወቅ የመጀመሪያዋ ሆነች። በአፍሪካም ደቡብ አፍሪካ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2005 የሰጠውን ፍርድ ተከትላ በ2006 ሕጉን አወጣች፤ ሕጉ የሃይማኖት አባቶች ያለ ፈቃዳቸው እንዲያጋቡ አያስገድድም። በአንጻሩ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ቅጣቱን እጅግ አክብዳለች። እንግዲህ አፍሪካ በዚህ ነገር በአንድ ቃል አትናገርም።

ሁለቱ ጉዳዮች ፍጹም አንድ ናቸው አይባልም። የተመሳሳይ ጾታ ጥምረትን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በእምነቱ ያወግዘዋል፤ ይህ ሐቅ ሊሸሸግ አይገባም። ሆኖም ከአባቶች የወረደ ሥርዓት አይደለም፣ ቤተሰብን ያዋርዳል የሚለው ምክንያት በሸክላ ሠሪውም ጋብቻ ላይ የሚነሣ ነው። ሕግ በዚያኛው ጉዳይ የጎረቤትን ፈቃድ ሳይጠብቅ እኩልነትን ከደነገገ፣ በዚህኛው ማንንም ሳይጎዱ በፈቃዳቸው አብረው የሚኖሩ ሁለት ጎልማሶችን ስለምን እንደሚያስር ማስረዳት ይጠበቅበታል። ቤተ እምነት ቡራኬውን የመስጠትና የመንፈግ መብት አለው፤ የመንግሥት መዝገብ ግን የዜጎች ሁሉ ነው።

ይህን ሁሉ ሕግ አውጪው ብቻ እንዲፈጽመው መተው አይበቃም። ሶዶ ላይም ሆነ በወረዳዎቹ ከዚህ ማኅበር አባላት አንዱ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ለሚያገባ ወጣት ሽማግሌ እንዲሆን ቢለመን፣ ሥራ አለብኝ ብሎ ማመካኘት አይገባውም፤ ሊሄድ ይገባል። ስለ ሌሎቹም ጥንዶች ጨዋታ ሲነሣ፣ ከስድብና ከዛቻ በፊት የሚነገርለት ሰው የዚህች አገር ዜጋ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።