የተሰፋ ትከሻና የሰኔ እርሻ



በወገራ ደጋ አንድ አባት ከበቅሎ ወድቀው ትከሻቸው ተጎዳ። ክንዳቸውን ወደ ላይ ማንሣት አቃታቸው። ሌሊትም በዚያ ጎን መተኛት አልቻሉም። ጎንደር ሄደው እንዲታከሙ ብንመክራቸው፣ «ልጆቼ፣ ሐኪም ቢሰፋኝስ እርፉን ማን ይይዝልኛል?» አሉን። ጥያቄያቸው ትልቅ ነው። ዛሬ የምንነጋገረውም ስለዚሁ ነው።

ትከሻ እንዴት ይሠራል? የክንድ አጥንት ራስ ድቡልቡል ነው። የሚቀመጥበት ጉድጓድ ግን ጥልቅ አይደለም። ስለዚህ አራት ጡንቻዎች በጅማታቸው ዙሪያውን ይዘውታል። ጅማት እንደ ምራን ነው። ምራን ከተበጠሰ በሬዎቹ ቢስቡም ሞፈሩ አይከተልም። ጅማትም ከተበጠሰ ጡንቻው ቢስብ ክንድ አይነሣም።

የተጎዳ ትከሻ ሁሉ አይሰፋም። ብዙ ሰው በእረፍትና ባለሙያ በሚያሳየው እንቅስቃሴ ይሻለዋል። በመውደቅ ድንገት የተበጠሰ ጅማት ግን ቶሎ መታየት አለበት። ሲቆይ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ መስፋቱም ያስቸግራል። የተበጠሰ ጅማት በወጌሻ እሽት አይቀጠልም። ክንድን አጥብቆ ማሰርማ ደም ይከለክላል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስሩ ወዲያው ይፈታ፤ ሰውየውም ሐኪም ቤት ይድረስ። በጠበቀ እስር ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ወገኖች አሉ።

በጎንደር ከተማ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐኪሞችን ያስተምራል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችንም ያስተምራል። ፊዚዮቴራፒ ማለት በእንቅስቃሴ ማከም ነው።

ሐኪሙ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር መልሶ ይሰፋል። ይህ የሥራው ግማሽ ነው። ከዚያ ክንዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል በጨርቅ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። በዚህ ጊዜ ጣትና ክርን እንዳይደርቁ ይንቀሳቀሳሉ። ትከሻው ግን ባለሙያ ባሳየው መንገድ ብቻ ይንቀሳቀስ። ቀጥሎ ክንዱ በራሱ ኃይል ቀስ በቀስ መነሣት ይለማመዳል። ማጠንከሪያው የሚጀመረው ከ3 ወር ገደማ በኋላ ነው። እርሻና ሸክም 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መመለስ ነው።

እንጠንቀቅ! ሕመሙ ተወ ማለት ጅማቱ ጠና ማለት አይደለም። በመጋቢት የተሰፋ ትከሻ በሰኔ እርፍ ቢይዝ ስፌቱ ሊበጠስ ይችላል።

ታዲያ እርፉን ማን ይያዝ? ጎረቤት ይያዝ። ደቦና ወንፈል ለአጨዳ ብቻ አይደሉም። የታመመውን ሰው ማሳ አርሶ መዝራትም የሕክምናው ግማሽ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

ይህን ያነበባችሁ ላላነበበው አንብቡለት።