መድን የሌለው መኪና ጉዳት ሲያደርስ፤ ስለ ጥፋትና ስለ አላፊነት



ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፥ ከዚያም ወደ ወግዲ የሚዘልቀው መንገድ ደጋውን አቋርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ያደርሳል። መንገድ በመግባቱ የገበሬው እህል የተሻለ ገበያ ያገኛል፤ ሕመምተኛውም ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ይደርሳል። ከዚሁ ጋር ግን አያት ቅድመ አያት የማያውቁት አደጋ አብሮ ይገባል። በገበያ ቀን እግረኛው፥ የተጫነው አህያ፥ የበግ መንጋው፥ ባጃጁ፥ ሞተር ብስክሌቱና እህል የጫነው አይሱዙ ያንኑ አንድ መንገድ ይጋሩታል። የዛሬው ንግግር ዓላማ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ መድን የሌለው መኪና ሰው ሲገድል ወይም አካል ሲያጐድል፥ ሕጉ ተጎጂውን በምን መንገድ እንደሚረዳው ማመልከት ነው።

ለነገሩ መግለጫ እንዲሆን አንድ ጉዳይ በሐሳብ ይቀረጽ። አንድ ገበሬ ከመካነ ሰላም ገበያ ወደ ወግዲ ሲመለስ ከበስተኋላው የመጣ የጭነት መኪና ገጭቶ ይገድለዋል፤ ሁለቱ አህዮቹም አብረው ይሞታሉ። ሾፌሩ ተቀጣሪ ነው። ባለንብረቱ ደሴ ይኖራል። በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈው የመድን ምልክት ጊዜው ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሟቹ ሚስት፥ አራት ልጆችና አሮጊት እናት ትቶ አልፏል። በዚህ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ማን አጠፋ? ማን አላፊ ነው? ገንዘቡስ ከየት ይገኛል? ብዙ ቤተ ሰብ መብቱን የሚያጣው እነዚህን ሦስቱን እንደ አንድ ጥያቄ ስለሚቈጥራቸው ነው።

የመጀመሪያው የጥፋት ጥያቄ ነው። ሾፌሩ በቸልተኛነት ሰው ገድሎ እንደ ሆነ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ይከሰሳል። መድን ሳይኖር መኪና በመንገድ ላይ መንዳትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ነገር ግን የመድን አለመኖር ብቻውን አደጋውን ያደረሰው ሾፌሩ መሆኑን አያስረዳም። ሁለት መኪናዎች ቢጋጩና መድን ያለው መኪና ከመሥመሩ ወጥቶ የሌላውን መንገድ የዘጋ ቢሆን፥ መድን የሌለው ሾፌር ስለ መድኑ ይቀጣል እንጂ የግጭቱ ጥፋት አይጫንበትም። ጥፋት የሚታወቀው በፍጥነቱ፥ በፍሬኑ፥ በተሰበረው የትራፊክ ደንብ፥ የትራፊክ ፖሊስ በቦታው ተገኝቶ በሚያነሣው ንድፍና በምስክር ነው።

ሁለተኛው የአላፊነት ጥያቄ ከዚህ የሰፋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2027 አላፊነትን ከጥፋት ብቻ አያመነጭም፤ ጥፋት ሳይኖርም ሰው በያዘው ነገር ምክንያት አላፊ የሚሆንበትን መንገድ ይከፍታል። አንቀጽ 2081 ደግሞ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት አላፊ መሆኑን፥ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ከአላፊነት እንደማይድን ይደነግጋል። ባለቤቱ የሚድነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ሲያስረዳ ነው። «እኔ ደሴ ነበርሁ፤ ሾፌሩ ነው ያጠፋው» የሚለው መልስ በወንጀል ችሎት ሊጠቅመው ይችላል፤ በካሳ ክስ ግን አያድነውም። መኪናውን ለራሱ ጥቅም በእጁ ያደረገ ሰውም በአንቀጽ 2082 መሠረት እንደ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ተቀጣሪው ሾፌር ግን በዚህ በኩል የሚጠየቀው አጥፍቶ ሲገኝ ነው።

የአላፊነቱ ልክ የሚቀነሰው በአንቀጽ 2086 እንደ ተነገረው የተጎጂው ጥፋት ጉዳቱን በሙሉ ወይም በከፊል ሲያመጣው ነው። ገበሬው በመንገዱ ጠርዝ መሄዱ ጥፋት አይደለም፤ ለእግረኛ የተለየ መንገድ በሌለበት አገር ሌላ መሄጃ የለውምና። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ደግሞ አንቀጽ 2084 ሁለቱ እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ገምቶ የጉዳቱን ጠቅላላ ዋጋ እኩሌታ እኩሌታ ያሸክማቸዋል፤ ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው።

እዚህ ላይ በገጠርም በከተማም የሚሰማ አንድ ስሕተት አለ። ሾፌሩ በወንጀል ክስ ነጻ ሲወጣ ቤተ ሰቡ «ነገሩ አለቀ» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንቀጽ 2149 ግን የካሳው ዳኛ በወንጀል ችሎት ነጻ መውጣት እንደማይታሰር ይናገራል። የባለቤቱ አላፊነት ከጥፋት ውጭ የቆመ በመሆኑም የሾፌሩ ነጻ መሆን ባለቤቱን ከዕዳ አያወጣውም።

ሦስተኛው ጥያቄ የገንዘቡ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በኢትዮጵያ ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቊጥር 559/2000 ነው፤ ይህም በአዋጅ ቊጥር 799/2005 ተተክቷል። ሕጉ መድን የሌላቸው ወይም ገጭተው የተሰወሩ መኪናዎች እንደማይጠፉ አስቀድሞ ስላሰበ የመድን ፈንድ አቋቋመ። ገጪው መኪና መድን ከሌለው ወይም ማንነቱ ካልታወቀ ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሳ የሚከፍለው ፈንዱ ነው፤ ከከፈለም በኋላ መድን ሳይገባ መኪናውን ባሠማራው ባለቤት ላይ ተመልሶ ይጠይቃል። በ2005 ዓ.ም. በአዋጁ የተወሰነው የሞት ካሳ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። መጠኑ በደንብ ሊሻሻል የሚችል ስለ ሆነ ጠበቃው በሥራ ላይ ያለውን ልክ አይቶ መጠየቅ ይገባዋል። ከዚህም ሌላ ማንኛውም የሕክምና ድርጅት ለአደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ተጎጂው መድን ያለው መኪና ገጨው ወይስ የሌለው ተብሎ በር ላይ አይቆምም።

ከፈንዱ የሚገኘው ገንዘብ የካሳው መነሻ ነው፤ መጨረሻው አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2091 ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 2095 መሠረት የሟቹ ሚስት፥ ልጆችና ወላጆች እያንዳንዳቸው በገዛ ስማቸው የመተዳደሪያ ካሳ ሊጠይቁ ይችላሉ። ስለዚህ ከፈንዱ የተከፈለው የማይሸፍነው ቀሪ ኪሣራ፥ የሁለቱ አህዮች ዋጋም ጭምር፥ ከመኪናው ባለቤት ይጠየቃል። የኅሊና ጉዳት ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በ1952 ዓ.ም. የተወሰነው እንደ ተወሰነ ነው፤ ያን ጊዜ የበሬዎች ዋጋ የነበረው ገንዘብ ዛሬ የሐዘን ድንኳን ኪራይ አይሞላም። ይህ የማኅበሩ አባላት ለሕግ አውጪው ሊያሳስቡት የሚገባ ነገር ነው።

በወሎ ደም ሲፈስ ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ ይህም ቂምን የሚያበርድ የተከበረ ልማድ ነው። አደጋው ግን ከእርቁ ጋር በሚፈረመው ወረቀት ላይ ነው። ሐዘኑ ሳይወጣ፥ በሳምንቱ፥ ለቀብርና ለእንግዳ ወጪ የሚሆን ገንዘብ ተሰጥቶ «ከእንግዲህ ወዲያ ምንም አንጠይቅም» የሚል ቃል ይጻፋል። የፈረመችው ሚስት ናት። የልጆቹና የአሮጊቲቱ እናት መብት ግን የየራሳቸው ስለ ሆነ በርስዋ ፊርማ የሚቀር አይደለም። እርቁ በቸልተኛነት የመግደልን ክስ አያስቀርም፤ ከሳሹ መንግሥት ነውና። ሾፌሩ ስለ ጥፋቱ መጸጸቱና ተበዳዩን መካሱ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። እንግዲህ ሽማግሌዎች ደሙን ያድርቁ፤ የተሰጠው ገንዘብ ግን ለምን እንደ ተሰጠ በግልጽ ይጻፍ፥ ከካሳውም የሚታሰብ እንጂ ካሳውን የሚዘጋ አይሁን።

በመጨረሻም ጊዜን መጠበቅ ይገባል። በአንቀጽ 2143 የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ የወንጀል ይርጋ ያለው ሲሆን በዚያው ይታሰባል። ጠበቃው ግን በረዥሙ ይርጋ ተማምኖ መተኛት የለበትም። የመኪናው ሠሌዳ ቊጥር፥ ሊብሬው በማን ስም እንደ ተመዘገበ፥ የፖሊሱ ንድፍ፥ የሐኪም ማስረጃና የወራሽነት ማስረጃ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሰብሰብ አለባቸው። መድን ያልገባ ባለንብረት ሌላ ሀብት ላይኖረው ስለሚችል፥ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት መኪናው ከፍርድ በፊት እንዲከበር ማመልከት አስፈላጊ ነው። መኪናው ተሽጦ ከጠፋ በኋላ የተገኘ ፍርድ ለወላጅ አልባው ልጅ ደብተርም እህልም አይገዛለትም።