ትንፋሽና ጊዜው
(ለደጋፊዎቻችን ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በስጦታችሁ በሚረዱት የገጠር ክሊኒኮች ከምናያቸው ሕመሞች አንዱ አስም ነው። የሚያሳዝነው ግን መድኃኒቱ በእጅ እያለ ሕመምተኛው ሳይጠቀምበት መቅረቱ ነው። ከትንሿ ቆርቆሮ የሚረጨው መድኃኒት የሚረዳው፣ ሰው ቀስ ብሎ በጥልቅ መሳብ ሲጀምር በዚያው ቅጽበት ቢጫነው፣ ከዚያም ትንፋሹን እስከ 10 ሴኮንድ ቢይዝ ነው። ቢቀድም ወይም ቢዘገይ አብዛኛው በአፍና በጉሮሮ ይቀራል። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ከዋለ ጀምሮ ይህ ችግር አብሮት አለ። ለሕፃንና ለሽማግሌማ እንዴት ይቻላል?

ስለዚህ መሐንዲሶች ጊዜውን መሣሪያው ራሱ እንዲመርጥ አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1965 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሎትፊ ዛዴህ ያቀረቡት «ፈዚ ሎጂክ» የተባለው ስሌት ለዚህ ይመቻል። ነገሩ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። እንጀራ ጋጋሪ ምጣዷን በቴርሞሜትር አትለካም፤ «ገና ነው፣ ሞቅ ብሏል፣ በዛበት» እያለች ትፈርዳለች። እንዲህ ያለ መሣሪያም የሚሳበውን አየር ፍጥነትና መጠን እየለካ፣ «ፍጥነቱ መካከለኛ ከሆነ፣ መሳቡም ገና ከጀመረ፣ መድኃኒቱን ልቀቅ» በሚሉ ደንቦች ይመራል። የአንዱ ትንፋሽ ከሌላው ስለሚለይ፣ አንድ ቁርጥ ቁጥር ለሁሉ አይበቃም።

«ታዲያ ይህን አንገዛም ወይ?» ትሉን ይሆናል። ጥበቡን እናከብራለን፤ ጥበብ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነውና። ነገር ግን እንዲህ ያለው መሣሪያ ባትሪም ጠጋኝም ይፈልጋል። ቀላል መንገድ ደግሞ አለ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታችው ተበስቶ፣ መድኃኒቱ ተገጥሞበት ዙሪያው በማጣበቂያ ሲደፈን፣ አስም ለተነሣባቸው ልጆች ከፋብሪካው ዕቃ ያላነሰ እንደሚረዳ አሳይቷል። መድኃኒቱ ለጥቂት ጊዜ ጠርሙሱ ውስጥ ይቆያል፤ ልጁም በራሱ ትንፋሽ ይስበዋል። እናቲቱ ቅጽበቱን ለመያዝ አትጨነቅም።

ስለዚህ ስጦታችሁ በመጀመሪያ ለመድኃኒቱ፣ ለጠርሙሱና እናቶችን ለሚያስተምሩ የጤና ሠራተኞች ይዋል እንላለን። ብልሁ መሣሪያ ረክሶና ጠንክሮ ለገጠር የሚበቃበት ቀን ሲመጣ፣ እሱንም በምስጋና እንቀበላለን።

እስትንፋስን የሰጠ አምላክ ትንፋሽ ላጠራቸው ሁሉ የእናንተንም የእኛንም እጅ ይጠቀምበት። በጸሎታችሁ አስቡን። አሜን።