ስለ ወጪ መጋራትና ስለ ሶሲዮሎጂ ዲግሪ ከወላጆች ጋር ስንመክር
(በሐይቅ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)





የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ክፍል ሲደለደሉ ብዙ ወላጆች አስቀድመው የሚያማክሩት የንስሐ አባታቸውን ነው። «ልጃችን ሶሲዮሎጂ ደረሰው። ሥራ ያስገኛል ወይ? ዕዳም አለው ይባላል» ይላሉ። ጥያቄው ሁለት ነገር ደባልቋል፤ ዕዳው ለብቻው፣ ሥራው ለብቻው መታየት አለበት።

ዕዳው የወጪ መጋራት የሚባለው ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 እና በደንብ ቁጥር 91 ተደንግጓል። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። በትምህርት ላይ ሳለ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ውል ፈርሞ ይማራል፤ ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ይከፈላል። ለመምህርነት የሠለጠኑት በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎታቸው እንዲከፍሉ ደንቡ ይፈቅዳል። ሶሲዮሎጂ ያጠና ግን በገንዘቡ ይከፍላል።

ከዕዳው ውስጥ የምግቡ ድርሻ ቀላል አለመሆኑን ልብ እንበል። በዚህ በሐይቅ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ባስተማሩበት ስፍራ፣ ትምህርት ሕዝብን ያስወጣ እንደ ነበር እናውቃለን። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ቁራሹን የሰጠው መንደሩ ነው። ያን ቁራሽ ማንም በተማሪው ስም አልመዘገበበትም። ዛሬ መንግሥት ያበላል፣ ይመዘግባልም። የትኛው ይሻላል የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወውና ወደ ሒሳቡ እንመለስ።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። አንድ አሥረኛው 1,150 ብር ለወጪ መጋራት ይሄዳል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 805 ብር ነው፤ የሥራ ግብርም ከዚህ ሌላ አለ። በቀረው ደሴ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለወላጅ መላክ እጅግ ጠባብ ነው። ይህን ለወላጅ መደበቅ አይገባንም። ነገር ግን አሥር በመቶው የሚቆረጠው ከደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ከሌለ የሚቆረጥ የለም። ደግሞም የተቆራጩ ስሌት በትምህርት መስክ አይለይም፤ መሐንዲሱም ይቆረጥበታል፣ የሚማርበት ዘመንም ይረዝማል። ስለዚህ «ዕዳ አለበትና ሶሲዮሎጂ ይቅርብህ» የሚለው ምክር ትክክል አይመስለንም።

ከባዱ ወጪ ውሉ ላይ ያልተጻፈው ነው፤ ልጁ ሳያርስ፣ ሳይነግድ የሚያሳልፋቸው አራት ዓመታት። እነርሱም ሊረዝሙ ይችላሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንደ ተቋረጠ አይተናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የመውጫ ፈተና አለ፤ ያላለፈ ዲግሪ አይቀበልም፤ የተማረበት ወጪ ግን ተመዝግቧል። ወላጅ «ይማር» ብሎ ከወሰነ ለመውጫ ፈተናው መዘጋጀት ከመጀመሪያው ዓመት እንደሚጀምር ለልጁ መንገር አለብን።

አሁን ወደ ሌላው ዕዳ እንምጣ፤ ከተሁለደሬም ከአምባሰልም ብዙ ልጆቻችን ወደ ዐረብ ሀገር ይሄዳሉ። በሬ ይሸጣል፣ በአራጣ ይበደራል፣ ለደላላ ይከፈላል። ይህ ዕዳ ሥራ እስኪገኝ አይታገሥም፤ ልጅቱ ጅቡቲ ሳትደርስ ወለዱ መቁጠር ይጀምራል፤ በመንገድ ብትቀርም አባቷ ይጠየቅበታል። አንዳንዱ ወላጅ የዩኒቨርሲቲውን ዕዳ ፈርቶ ይህን ሲመርጥ ዝም ማለት አንችልም። በእርግጥ ከዚያ የሚላክ ገንዘብ ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሰላቸው ቤቶች በዙሪያችን አሉ፤ ስለዚህ «የሚሄድ ሁሉ ይከስራል» ብንል አንታመንም። ሁለቱን ዕዳዎች ጎን ለጎን አድርገን ብናሳይ ግን ይሰሙናል።

የሶሲዮሎጂ ሥራ ማስታወቂያ ብዙ አይደለም። ምሩቃኑ በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች፣ በሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ በማረሚያ ቤቶች፣ በተራድኦ ድርጅቶች ይሠራሉ። እነዚህ ቀጣሪዎች ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን ቤት ለቤት መረጃ መሰብሰብ፣ ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ ሪፖርት መጻፍ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። ይህን ልምድ ክረምት ሲመጣ እዚሁ ልናስይዛቸው እንችላለን። የየአጥቢያችን የችግረኞች መዝገብ ስንት ዓመት ሳይታደስ ቆይቷል? አረጋውያንን፣ ከጦርነቱ ወዲህ ጧሪ ያጡትን፣ ከስደት የተመለሱትን በሥርዐት የሚመዘግብ ተማሪ በጽሕፈት ቤታችን ማኅተም የተረጋገጠ የሥራ ልምድ ይዞ ይወጣል፤ እኛም መዝገብ እናገኛለን።

ከእያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ከልማት ክፍሉ አንድ ሰው ይመደብ፤ ተማሪው የሚፈርመውን ውል ከወላጁ ጋር አብሮ ያንብብለት፤ የምግብና የመኝታ አገልግሎቱ በዓይነት ነው ወይስ በገንዘብ የሚለውን ያስረዳው፤ የውሉን ቅጂ በየዓመቱ እንዲያስቀምጥ ያሳስበው። ለክረምቱ ምዝገባ ፈቃደኛ የሆኑትን ተማሪዎች ስም እስከ ግንቦት መጨረሻ ብታደርሱን ቅጹን አዘጋጅተን እንልክላችኋለን።