በዓሉ አንድ ቀን፣ ሰሞኑ ግን ረጅም ነው



ዛሬ የምንነጋገረው በበዓል ሰሞን ክብደትን ስለ መጠበቅ ነው። ይኸን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። «እኛ ገበሬዎች ነን። ከሞፈርና ከቀንበር ጋር የሚውል ሰው ስለ ውፍረት ምን አስጨነቀው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ሲያጭድና ሲወቃ የሚውል ሰው የበላው እህል ጉልበት ሆኖ ያልቃል። ብዙው የገጠር ሰው የሚቸገረው በምግብ ማነስ እንጂ በምግብ መብዛት አይደለም።

ነገር ግን ኑሯችን እየተለወጠ ነው። እርሻውን ለልጆቹ ለቆ ቤት የሚውል አለ። መንገድ ዳር ሱቅ ከፍቶ ከወንበሩ ሳይነሳ የሚመሽበት አለ። ድሮ በእግር ይኬድ የነበረው ገበያ ዛሬ በባጃጅ ይኬዳል። በብዙ ቦታ ወፍጮውም ውኃውም ቀርቧል። ይኸ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም ሥራው ሲቀንስ ምግቡ እንደ ድሮው ከሆነ ትርፉ ስብ ሆኖ በሰውነት ላይ ይቀመጣል። የስኳር በሽታና እኛ ደም ብዛት የምንለው የደም ግፊት የከተማ ሰው በሽታ ብቻ መሆናቸው ቀርቷል። ጤና ጣቢያ ሄደው «ክብደትዎን ይቀንሱ» ተብለው የተመለሱ ሰዎች በገጠርም አሉ።

ይኸ ንግግራችን ለእነዚህ ሰዎች ነው። ከእነርሱ ጋር ከአንድ ገበታ ለሚቀርብ ቤተሰብና ጎረቤትም ነው።

ለመሆኑ ክብደት መቀነስ ምን ይጠቅማል? 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ ትንሽ ይመስላል። ግን ያን ያህል መቀነስ እንኳ የደም ግፊትንና በደም ውስጥ ያለን ስኳር ሊያሻሽል ይችላል። ጉልበቱን የሚያመውም ሰው እፎይ ይላል። ከሰውነት 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ሸክም ይወርዳል። 4 ኪሎ ሲቀንስ ደግሞ 16 ኪሎ ማለት ነው። ይኸም 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውኃ ያህል ይመዝናል። በአንጻሩ ደም ብዛትን ችላ ያለ ሰው አንድ ቀን ግማሽ አካሉ ሽባ ሊሆን ይችላል። ኩላሊቱና ዓይኑም ሊጎዱ ይችላሉ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የ50 ዓመት እናት አሉ እንበል። መንገድ ዳር ጠላ ይነግዳሉ። በጥር ወር ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ብዛት አለብዎ ተባሉ። መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ክብደትም እንዲቀንሱ ተመከሩ። እሳቸውም ሁለት ይበሉ የነበረውን እንጀራ አንድ ተኩል አደረጉ። ወጡ ላይ የሚፈሰውን ዘይት ቀነሱ። ገበያም በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። በሦስት ወር 4 ኪሎ ቀነሱ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይኸ ነው። ከዚያ ፋሲካ ደረሰ።

ፋሲካ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ እኚህ እናት ሚዛን ላይ ቢወጡ ምን ያገኛሉ? ካልተጠነቀቁ ከቀነሱት ከፊሉ ተመልሶ ያገኙታል። ጥፋቱ የማን ነው? የፋሲካ ዕለት የበሉት ዶሮ ወጥ ነው? አይደለም። እስቲ እንቁጠረው።

እህል በቁና እንደሚሰፈር ሁሉ፣ ምግብ የሚሰጠው ጉልበትም መለኪያ አለው። መለኪያው ካሎሪ ይባላል። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ 7700 ያህል ካሎሪ ይይዛል። በአንድ ቀን ግብዣ ይኸን ያህል ትርፍ መብላት ለማንም ከባድ ነው። በማግስቱ ሚዛኑ ከፍ ቢል እንኳ ብዙው በጨው ምክንያት የተያዘ ውኃና ገና ከሆድ ያልወጣ ምግብ ነው።

አሁን ደግሞ ሰሞኑን እንይ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ 120 ያህል ካሎሪ አለው። ቅባት ከዱቄት ጋር እኩል ቢመዘን ከእጥፍ በላይ ጉልበት ይሰጣልና። በየቀኑ ከተለመደው በላይ አራት ማንኪያ ቅቤ በወጡ፣ በክትፎው፣ በጨጨብሳው ቢጨመር 480 ካሎሪ ይሆናል። ይኸ ለ15 ቀን ሲቀጥል 7200 ይደርሳል። እንግዲህ 1 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ስለዚህ የቀነስነውን የሚመልስብን በዓሉ ሳይሆን ሰሞኑ ነው።

ሰሞኑ ደግሞ በእኛ አገር ረጅም ነው። ከገና እስከ ጥምቀት ያለው 12 ቀን ነው። በጥር አዝመራው ገብቶ ጎተራው ሞልቷል፤ ሠርጉም ይበዛል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ የሠርግ ጥሪም አለ። እስላም ወገኖቻችንም ከረመዳን ማፍጠሪያ እስከ ኢድ፣ ከዚያም እስከ አረፋ የራሳቸው ሰሞን አላቸው። «ታዲያ እንጾም የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጾም ብቻውን ክብደት አይቀንስም። ቀን ያልተበላው ማታ በዘይት ተጠብሶ ከተበላ ሒሳቡ ያው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በዓል አናክብር፣ ዘመድ አንጠይቅ አንልም። በዓል የሌለበት ዓመት ጨው የሌለበት ወጥ ነው። የምንለው፣ በዓሉን በዕለቱ እናክብር፤ በማግስቱ ወደ ልማዳችን እንመለስ ነው። መንገዱ እነሆ።

አንደኛ፣ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ቤት ውስጥ እንነጋገር። ክብደት ቀንስ የተባለው ሰው ብቻውን ታግሎ አያሸንፍም። ወጡን የሚሠራው፣ ጠላውን የሚጠምቀው፣ ገበታውን የሚያቀርበው ሁሉ ይወቅለት። ለበዓሉ ቀን በደንብ ይሠራ። ለማግስቱ ግን ምስር፣ ሽሮና ጎመን ቀለል ባለ ቅባት ይዘጋጅ።

ሁለተኛ፣ ሥጋውን ባንድ ጊዜ አንጨርስ። በሬ ተቃርጠን መደባችንን ይዘን ስንገባ ሥጋው እንዳይበላሽ ብለን እንቸኩላለን። በሦስት ቀን የወር ሥጋ እንበላለን። ቋንጣ ማድረግ እያለ ለምን? ጮማው ወጥቶለት፣ በስሱ ተዘልዝሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከተሰቀለ ለብዙ ሳምንት ይበላል። ደም ብዛት ላለበት ሰው የሚዘለዘለው ጨው አይብዛበት። ለአንድ ጤነኛ አዋቂ እንኳ የቀን ጨው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም። በርበሬው፣ አዋዜውና ሚጥሚጣውም ጨው እንዳለባቸው አንርሳ።

ሦስተኛ፣ የአባቶችን መጠን እንያዝ። ዶሮ 12 ብልት ይወጣላታል። ለምን? ለብዙ ሰው እንድትዳረስ ነው። አንድ ብልትና አንድ እንቁላል በእንጀራ በቂ ድርሻ ነው። ልማዳችን ራሱ መጠን ያውቃል። መጠኑን ያጠፋነው እኛ ነን።

አራተኛ፣ መጠጡን እንቁጠር። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ እንደ ምግብ ካሎሪ አላቸው። ሲበዙም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ለስላሳ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ሊኖርበት ይችላል። ጥማትን በውኃ አርክቶ ወደ ግብዣ መሄድ ብልህነት ነው።

አምስተኛ፣ በእግር እንሂድ። ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ መንገዱ ቅርብ ከሆነ ባጃጁ ይቅር። በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ለልብም ለስኳርም ይጠቅማል።

ስድስተኛ፣ ራሳችንን እንለካ። በዓሉ ካለፈ በሳምንቱ በዚያው ሚዛን እንመዘን። ሚዛን ከሌለ መቀነት አለ። ከበዓሉ በፊት ወገብ ዙሪያ ለክቶ ምልክት ማድረግ፣ በኋላም እዚያው ላይ መድረሱን ማየት ነው። አልፎ ከሆነ አንደንግጥ። ራስን በረኃብ መቅጣትም አያስፈልግም። ወደ ቀድሞው አመጋገብ ወዲያው መመለስ ይበቃል። ጉዳቱ አንድ ቀን መብላቱ ሳይሆን «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ መተዉ ነው።

ይኸ ሁሉ ሆኖ ከባዱ ነገር ምግቡ አይደለም። ከባዱ የሰው አፍ ነው። በእኛ አገር መወፈር የድሎት፣ መክሳት የችግር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ እነዚያ እናት ለበዓል ዘመድ ቤት ሲገቡ ምን ይባላሉ?

«ውይ እትዬ፣ ምነው ከሱብኝ? ታመው ነው ወይ? በሞቴ ይቺን ይጉረሱልኝ!»

«አልታመምኩም እታለም፣ ሐኪም መክሮኝ ነው የቀነስኩት። ጤናዬም ተሽሎኛል።»

«ኧረ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ይድገሙኝ!»

ከዚህ በኋላ እንቢ ማለት ንቀት ይመስላል። በዚህ ምክንያት ሦስት ወር የደከሙበትን በአንድ ሳምንት የሚተዉ አሉ። «ሰው በሽተኛ ነው ይለኛል» ብለው ፈርተው መልሰው የሚወፍሩም አሉ። ጉርሻ ፍቅር ነው። ግን ፍቅሩ ያለው በእጁ እንጂ በጉርሻው ትልቅነት አይደለም። ሁለት ትንንሽ ጉርሻ ከአንድ ትልቅ ጉርሻ ይሻላል። ጋባዦች ሆይ፣ አንድ ጊዜ «በቃኝ» ያለን ሰው እንመነው። በሐኪም ምክር የቀነሰውን «ምነው ከሳህ?» ከማለት «እሰይ፣ በርታ!» እንበለው። ተጋባዡም ምክንያቱን ሳያፍር ይናገር። ሳህኑን ባዶ ካደረገ ይጨመርበታልና፣ ጥቂት አስቀርቶ በዝግታ እየበላ ይጫወት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ክብደት መቀነስ ለሁሉም አይደለም። እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆች፣ ቀጫጭን ሰዎችና ከበሽታ ያገገሙ ሰዎች በራሳቸው ምግብ መቀነስ የለባቸውም። ሳይፈልግ የሚከሳ ሰው ደግሞ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሳንባ ነቀርሳ ወይም ራሱ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በዓል ነው ብሎ አያቋርጥ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ቢውል ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማጥመቅና ራስ ማዞር ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ራሱን ካልሳተ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይጠጣ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ወገኖች፣ በዓል የምናከብረው ከወዳጅ ዘመድ ጋር ተገናኝተን ለመደሰት ነው። ለከርሞውም በሰላም ያድርሰን እንባባላለን። ለከርሞ መድረስ ደግሞ ምርቃት ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄም ይፈልጋል። ከገበታችን ዙሪያ አንድም ሰው እንዳይጎድል በዓሉን በአንድ ቀኑ እናክብረው፤ ሰሞኑን በልክ እናሳልፈው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ክብደታችንን የሚመልሰው በዓሉ ነው ወይስ ሰሞኑ? ለምን?
2. የቅርጫ ሥጋን ባንድ ጊዜ ላለመጨረስ ምን ማድረግ ይቻላል?
3. በሐኪም ምክር ክብደት የቀነሰ ጎረቤት ቢኖራችሁ በበዓል ቀን እንዴት ትጋብዙታላችሁ?
4. ክብደት መቀነስ የሌለባቸው እነማን ናቸው?